የባሬላው ሁለት ጫፍ፦ የሴት ሠራተኛ መብት፣ የትራንስጀንደር ክርክር እና 26 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትሁት እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመለስ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው። በመንገዱ ዳር በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ባሬላ ተሸክመው ኮንክሪት ያመላልሱ ነበር፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ጠጋ ብዬ የቀን ዋጋቸውን ጠየቅሁ፤ የእሷ ከእሱ ያንሳል። ካቦውን ምክንያቱን ብጠይቀው የሴት ጉልበትና የወንድ ጉልበት አንድ እንዳልሆነ፣ ዋጋውንም የቆረጠው ገበያው እንጂ እሱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ባሬላ ግን ሁለት ጫፍ ያለው ዕቃ ነው፤ ከኋላ ያለችው ሴት ስለሆነች ተብሎ የሚቀልላት ጭነት የለም።

በዚያው ምሽት ስልኬን ስከፍት ወገኖቻችን በብሪታንያ አንድ ፍርድ ቤት «ሴት» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ስለሰጠው ውሳኔ በአማርኛ ሲከራከሩ፣ አልፎ ተርፎም ሲሰዳደቡ አገኘሁ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አቀረብሁ። በሌላ አገር በፌሚኒስቶችና በትራንስጀንደር መብት ተሟጋቾች መካከል የተነሣው ጠብ፣ ማለትም ሲወለዱ በተመዘገበላቸው ጾታ የማይኖሩ ሰዎች በሕግ እንዴት ይቈጠሩ የሚለው ጉዳይ፣ እኛን ይመለከተናል ወይ? የሚመለከተን ከሆነስ የሴት ሠራተኞችን ጥያቄ ያግዛል ወይስ ይጋርዳል? የራሴን አቋም አልደበቅሁም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንዲያገኙ ደንግጓል፤ ካቦውም የሴቷን ዋጋ ሲቀንስ ሴት ማን እንደሆነች የሚነግረው ፍርድ ቤት አላስፈለገውም ብዬ ጻፍሁ። የመጡትን መልሶች በራሴ ቃል እንደሚከተለው እተርካለሁ።

መልሶቹ

1ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህርት መሆናቸውን የገለጹ እናት ናቸው። በሰላምታና በምርቃት ጀምረው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን እንዳደረገው፣ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን ፈቃዱ በጠቅላላው 90 ቀን ብቻ እንደነበር አስታወሱ። አዲሱ አዋጅ በሥራ ቦታ የሚፈጸምን ጾታዊ ትንኮሳ በግልጽ መከልከሉንም አመሰገኑ። ሆኖም እኔ ያየኋት ሴት የጽሑፍ ውል ስለሌላት ይህ ሁሉ አይደርሳትም ሲሉ አዘኑ።

2ኛው መልስ ይህን የመጨረሻ ነጥብ በትሕትና አረመ። ጸሐፊዋ የሕግ ባለሙያ ነች፤ እስከ ክሩ መጨረሻም ድረስ ማንም ስሕተት ሲጽፍ ዝም ብላ አላለፈችም። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጥ አዋጁ እንደሚያዝዝ፣ ይህን ባለማድረጉም ሠራተኛዋ መብቷን እንደማታጣ አስረዳች። ከአዋጁ ውጭ የቀረችው ይልቁንም የቤት ሠራተኛ ናት። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከአዋጁ ወጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣለት ተትቷል፤ የቤት ሠራተኛዋም እስከዚያው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ትኖራለች። ከግንባታው ቦታ ይልቅ የየቤታችንን ጓዳ ብናይ እንደሚሻል ጨምራ ጻፈች፤ ይህ ነገር ብዙዎቻችንን እንደነካ የታወቀው ለጥቂት ሰዓታት ማንም ስላልመለሰላት ነው።

ዝምታውን የሰበረችው 3ኛዋ ናት። ከዳባት አካባቢ በልጅነቷ ወደ ጎንደር መጥታ ሰው ቤት ተቀጥራ እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ደላላው እንደወሰደባት፣ የማታ ትምህርት እንድትማር ቃል ተገብቶላት ሳለ ምሽት በመጣ ቍጥር እንግዳ አብሮ ይመጣ እንደነበር ጻፈች። አሠሪዋን እትዬ እያለች ትጠራ ነበር፤ ክፉ ሴት እንዳልነበሩ፣ ሲታመሙም እንዳስታመመቻቸው ደጋግማ ትናገራለች። ሆኖም በሦስተኛው ዓመት ዶሮ ወጥ ብቻዋን መሥራት ስትችል የተጨመረላት ነገር ደመወዝ ሳይሆን ባለሙያ የሚል ስም ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ስለ ሌላው ክርክር የምታውቀው እንደሌለ፣ ማወቅም እንደማይከፋት ገልጻ አበቃች።

4ኛው መልስ አንዲቱን ቃል አንሥቶ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አደረጋት። ወንድን ባለሙያ ስንል የተማረና የሚከፈለው ማለታችን ነው፤ ሴትን ባለሙያ ስንል ግን ወጥ የምትሠራ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ እንግዳ የምታስተናግድ ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ለወንዱ ገቢ፣ ለሴቷ ምስጋና ሆኖ መቅረቱ፣ የቤት ሥራ በሥራነት የማይቈጠርበትን ምክንያት ከየትኛውም ጥናት ይልቅ ያሳያል አለ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለውንም ተረት ጠቅሶ፣ እውቀቷ ብቻ ሳይሆን ድካሟም በወንድ ስም እንደሚያልቅ ጻፈ። እኔም ለዚህ መልስ ያለኝን አድናቆት እዚያው ገልጫለሁ።

ከዚህ በኋላ ቋንቋው ሸካራ ሆነ። 5ኛው ጸሐፊ ስለ ባሬላም ስለ ጓዳም ምንም ሳይል፣ ፌሚኒዝም የሚባለው ነገር ገና ከጅምሩ በር መክፈቻ እንደነበረ፣ ትራንስጀንደር የሚለው ቃል በዚህ ክር ላይ መጻፉ ራሱ እንደሚያሳፍር፣ በአገራችንም ጉዳዩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተዘጋ እንደሆነ በቍጣ ጻፈ። የሕግ ባለሙያዋ በ6ኛው መልስ አንቀጹ የሚከለክለው በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት እንደሆነ፣ ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት አድርጎ ስለሚያይበት ሁኔታ ግን የሚለው ነገር እንደሌለ፣ ሁለቱን ማምታታት የሕግም የአእምሮም ስንፍና እንደሆነ መለሰች። ሕጉን ማረሟ የማንንም ወገን መደገፏ እንዳልሆነም አስገነዘበች። ማስገንዘብ ባላስፈለጋት ነበር፤ ግን አስፈለጋት።

7ኛዋ ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን በብሪታንያ በነርስነት የምትሠራ ናት፤ ለክሩ የሚያስፈልገውን መረጃ ያመጣችውም እሷ ነች። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 8 ቀን 2017 በሙሉ ድምፅ የወሰነው፣ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» እና «ጾታ» የሚሉት ቃላት በተፈጥሮ አካል የሚታወቀውን ጾታ እንደሚያመለክቱ ነው። ይኸው ፍርድ ቤት ትራንስጀንደር ሰዎች ከመድልዎ የሚጠበቁበት የሕጉ ክፍል ጸንቶ እንደሚቆይ መግለጹን ግን ከአማርኛ ተከራካሪዎቻችን መካከል የጠቀሰ አላየችም። ቀጥላም የሁለቱን የፌሚኒስት ወገኖች አሳብ ሳታዳላ አስቀመጠች። አንደኛው ወገን፣ ሴት በሥራ ቦታ የምትጎዳው በማርገዟ፣ በመውለዷና በማጥባቷ ስለሆነ ሕጉ ይህን አካል በስሙ መጥራት ካልቻለ ጉዳቱን መለካትም ሆነ መካስ አይችልም፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍልን የመሰለ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቦታም ትርጉም ያጣል ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ አሠሪ የሚያዳላው ማሕፀን አይቶ ሳይሆን ሴት ማለት እንዲህ ናት ብሎ በሚያስበው ልክ ነው፤ የሴትነትን ድንበር የሚጠብቅ ዘበኛ ከተሾመ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴትም በእሱ ፊት መመርመሯ አይቀርም ይላል። በራሷ የሥራ ክፍል ውስጥ ሁለቱም አሳብ ያላቸው ባልደረቦች እንዳሏት፣ በሌሊት ፈረቃ ግን ሁሉም ስለ ሠራተኛ እጥረት እንደሚያወሩ ጽፋ፣ ወደ ፈረቃዋ መሄዷን ነገረችን።

8ኛው መልስ ሁለተኛውን ወገን በአንድ የፍርድ ቤት ታሪክ ደገፈ። አን ሆፕኪንስ የምትባል አሜሪካዊት በፕራይስ ዋተርሃውስ የሒሳብ ድርጅት ውስጥ ለሸሪክነት ስትታጭ፣ ከ88 ዕጩዎች ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ ከ662ቱ ሸሪኮችም ሴቶች 7 ብቻ ነበሩ። ሥራዋ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ ሹመቱ ሲዘገይባት፣ እንደ ሴት እንድትራመድ፣ እንደ ሴት እንድትናገር፣ እንድትኳኳልና ጌጥ እንድታደርግ ተመከረች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ሴት እንዲህ መሆን አለባት በሚል ልማድ ሠራተኛን መመዘን የጾታ መድልዎ እንደሆነ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ትራንስጀንደር ሠራተኞች ከሥራ ሲባረሩ ይህንኑ ፍርድ ጠቅሰው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ በእነሱ ላይ የሚደረግ መድልዎም የጾታ መድልዎ ነው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ የአንዲት ሠራተኛ ሴት ክስ የሌሎች በር ሆነ ማለት ነው። 5ኛው ጸሐፊ ይህን አይቶ በር መክፈቻ ያልሁት ይህንኑ ነው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም ነበር፤ የሚገርመው እሱ አልተመለሰም።

9ኛው፣ የታሪክ መምህር የሆነ ሰው፣ ጠቡ አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ኋላ ወሰደን፤ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የላቀው መልስ ይህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት የሚገድበውን የኒው ዮርክ ሕግ የውል ነጻነትን ይነካል ብሎ ሻረ። በ1908 ግን በኦሬገን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ፤ ምክንያቱም የሴት አካልና እናትነቷ ጥበቃ ያሻዋል የሚል ነበር። ለሴት ሠራተኞች ከቆሙት ብዙዎቹ ተደሰቱ። ከ15 ዓመት በኋላ አሊስ ፖል ሙሉ እኩልነት በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ስትጠይቅ ግን፣ ለሠራተኛ ሴቶች ዕድሜዋን የሰጠችው ፍሎረንስ ኬሊ ተቃወመቻት፤ እኩልነቱ ከተጻፈ ያ በአካል ልዩነት የተገኘ ጥበቃ ይፈርሳል ብላ ፈራች። ሁለቱም ፌሚኒስቶች ነበሩ፤ የለያያቸው አካል ጋሻ ነው ወይስ አጥር የሚለው ጥያቄ ነው። መምህሩ ዛሬ የምንሰማው ክርክር የዚሁ ጥያቄ ተከታይ ነው ባይ ነው። የአዘዞው ካቦም ሳያውቀው የዚያ የ1908ቱ ፍርድ ወራሽ ነው፤ አካል ይለያያል የሚለውን ተቀብሎ፣ ጥበቃውን ጥሎ፣ ቅናሹን ብቻ ወሰደ።

10ኛው መልስ የመጀመሪያዋ እናት ነበሩ። ነገሩ ሁሉ ልማድ ነው መባሉን አልወደዱትም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ሕጋችን የሚከለክለው በከንቱ እንዳልሆነ፣ እሳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን በአራስነት ትተው ክፍል ሲገቡ ወተቱ ቀሚሳቸውን አርሶት በጋቢ ሸፍነው እንዳስተማሩ፣ ይህን ልማድ ነው የሚል ሰው አንድ ቀን ጋቢውን ለብሶ እንዲያየው ጻፉ። ማንም አልተከራከራቸውም። እኔም ብሆን አልደፈርሁም።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ሦስት መልሶች «ጾታ» የሚጻፈው በጸሎቱ «ጾ» ነው ወይስ በፀሐዩ «ፆ» በሚል ጠብ አለቁ። የመጀመሪያው መነሻ ጽሑፌ ውስጥ ስሕተት አገኘሁ ባይ ነበር፤ ሁለተኛው አላገኘህም አለው። ጎንደር ያለ ቅኔ ቤት ዳር የማይውል ክርክር የለምና ሦስተኛው ከግእዙ ተነሥቶ፣ ጾታ ክፍል፣ ወገን ማለት እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ሦስቱ ጾታ ምእመናን የምትለው በዚሁ ትርጉም እንደሆነ አስረዳ። ነገሩ ከመንገድ መውጣት ቢመስልም ጠቃሚ ነበር፤ ሥርዓተ ጾታ የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃል ለብዙ ሰው የሴቶች ጉዳይ ከማለት የተለየ ትርጉም ሳይኖረው የቀረው፣ ሥር ቃሉ ሳይብራራ ስለተሰራጨ ሳይሆን አይቀርም።

14ኛዋ ከቋንቋው ሳትወጣ ሌላ ነገር አነሣች። አማርኛ አንተ ወይም አንቺ ሳይል ለቅርብ ሰው ሰላም ማለት እንኳን እንደማይችል፣ ሆኖም እናቶቻችን ሴት ልጃቸውን ሲያቆላምጡ አንተ፣ ወንዱን አንቺ እንደሚሉ፣ አንቱ ስንል ደግሞ ጾታው ጨርሶ እንደሚጠፋ አስተዋለች። አክብሮት ከወንድና ከሴት በላይ የሚቀመጥበት ቋንቋ አለን ብላ ተደነቀች። እኔ ይህን በጊዜው እንደ ጨዋታ አልፌዋለሁ።

15ኛው ከስንክሳር የቅድስት እንባ መሪናን ታሪክ አመጣ። አባቷ በወንድ ልብስ ወደ ወንዶች ገዳም ይዟት እንደገባ፣ መነኵሴ ሆና ስትኖር አስረገዝህ ተብላ በሐሰት ብትከሰስ ሴትነቷን ገልጣ ከመዳን ይልቅ ነቀፋውን ታግሣ የሌላውን ልጅ እንዳሳደገች፣ ማንነቷም የታወቀው ሥጋዋ ሲገነዝ እንደሆነ ተረከና፣ ቤተ ክርስቲያን ይህችን ቅድስት የምታከብር ከሆነ እኛ ለመፍረድ ለምን እንቸኩላለን ሲል ጠየቀ። 16ኛው ጸሐፊ በጣም ተቈጣ። ቅድስቲቱ ወንድ ነኝ ብላ እንዳልኖረች፣ ለጸሎት ብላ ራሷን እንደሰወረች፣ ገድልን ለዘመኑ ወሬ ማስረጃ ማድረግም ነውር እንደሆነ መለሰ። በታሪኩ አተረጓጐም ረገድ ከ16ኛው ጋር እስማማለሁ፤ 15ኛው ግን የጠየቀው ስለ ፍርድ መቸኰል ነበር፤ ለዚያ መልስ አልተሰጠውም። 17ኛው ስድብ ስለነበር አወያዩ አነሣው።

18ኛው ወደ አትሌቲክስ ወሰደን፤ አገራችን ወደዚያ ካልሄደች አታርፍም። ለአትሌት ሩጫ እንጀራዋ ስለሆነ ጉዳዩ የሠራተኛ መብት ነው አለና፣ የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የወንድ ጉርምስናን ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶች በሴቶች ምድብ እንዳይወዳደሩ መወሰኑን ደግፎ፣ ካስተር ሰሜንያን በምሳሌነት ጠቀሰ። 19ኛዋ አረመችው። ደቡብ አፍሪካዊቷ የ800 ሜትር ባለ ድል ሴት ሆና ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች፣ የተፈጥሮ ሆርሞኗ መጠን ያከራከረ አትሌት እንጂ ትራንስጀንደር አይደለችም። እንዲህ ያለው ስሕተት ተራ እንዳልሆነም አስጠነቀቀች፤ 7ኛዋ ነርስ ስለ ዘበኛው የጻፈችው ፍርሃት የደረሰባት ሴት ይህችው ናትና።

20ኛው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ባሬላ ተሸካሚዋን እንደ መጋረጃ እንደተጠቀምሁባት፣ ስለ ቀን ዋጋ ብቻ ብጽፍ ኖሮ አራት ሰው እንኳን እንደማያነበው ስለማውቅ ትራንስጀንደር የሚለውን ቃል ርእሱ ላይ እንደሰቀልሁት ጻፈ። በ21ኛው መልስ ራሴን ለመከላከል ሞከርሁ፤ አሁን ሳነበው ግማሹ ማመካኛ ነው። ቃሉን ርእሱ ላይ ያኖርሁት ክርክሩ ከዚያ ስለተነሣ ቢሆንም፣ አንባቢ እንደሚስብ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

22ኛው አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2021 ከመንግሥት የሥራ መደቦች 1 በመቶውን ለትራንስጀንደር ሰዎች የሚመድብ ሕግ ማውጣቷን ጠቅሶ፣ ጥያቄው እዚያም በመጨረሻ የእንጀራ ጥያቄ እንደሆነ አመለከተ። አገራችን ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖራት ስለ 1 በመቶ ማውራት ቅንጦት ነው ሲልም ራሱ ተቃወመው።

23ኛው አጭር ነበር። ስም የለውም፤ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውንም አልነገሩንም። አስተናጋጅ ሆነው በአንድ ምግብ ቤት ተቀጥረው በሁለተኛው ሳምንት እንደተሰናበቱ፣ የተሰጣቸው ምክንያት ድምፅዎና አኳኋንዎ ደንበኛ ያሳቅቃል የሚል እንደነበር፣ አሁን ሌሊት ሰው በማያያቸው ሰዓት እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች እንደሚያስረክቡ ጻፉ። ከላይ ያሉትን 22 መልሶች በሙሉ እንዳነበቡም ገለጹ። እሳቸውን ለመጥራት ሌላ ቃል ስላጣሁ 14ኛዋ የጠቆመችውን አንቱታ ይዤ ጻፍሁ፤ ጨዋታ አልነበረም ማለት ነው።

የሕግ ባለሙያዋ በ24ኛው መልስ አጽናኝ ነገር አልፈጠረችም። አዋጁ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ወይም በሌላ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን እንደሚከለክል፣ በሌላ ምክንያት የሚለው ሐረግም ሊያከራክር እንደሚችል ጻፈች። ነገር ግን ሁለተኛ ሳምንት ማለት 60 የሥራ ቀን በሚደርሰው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በዚያ ጊዜ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚችል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እስካልሰጠ ድረስ ማስረዳቱ ይከብዳል። ለነፍሰ ጡሯም፣ ለጎርናናዋም፣ ለእሳቸውም ያው ነው አለች።

25ኛዋ የሽንኩርት ነጋዴዋ ነበረች፤ ተመልሳ መጣች። እኔ ያየኋት ሴት ልዩነቱን ልትጠይቅ ብትፈልግ የት ትሂድ፣ እስከ መቼስ ትችላለች ብላ ጠየቀች። በ26ኛው መልስ የሕግ ባለሙያዋ፣ በመጀመሪያ የከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት እንደሆነ፣ የደመወዝ ጥያቄ ግን ክፍያው ሊፈጸም ይገባ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚቀር፣ የሥራ ባልደረቦቿን ምስክርነትና የተከፈላትን የሚያሳይ ማንኛውንም ቁራጭ ወረቀት እንድትይዝ መለሰች።

ይህን አትሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዘዞ ሄድሁ። ሕንፃው ጣሪያ ላይ ደርሷል፤ ባሬላው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካቦው ኮንክሪቱ ስላለቀ ሴቶቹ ከተሰናበቱ ሁለት ሳምንት እንደሆናቸው ነገረኝ፤ ስሟንም ሆነ ስልኳን አያውቅም። ወረቀቱን ዘበኛው ዘንድ ተውሁት፤ ከስድስቱ ወር ሁለት ሳምንቱ አልፏል።